ከኦምዱርማን የመጣው ሰው

አንድን ሰው በድምፁ ብቻ ለዓመታት አውቃችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱን አላያችሁም፣ እጁን አልጨበጣችሁም፤ ግን ጠዋት ድምፁን ካልሰማችሁ ቀኑ አልጀመረም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነበረኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እሱና እሱ ነኝ ብሎ ሱቄ ድረስ ስለመጣው ሰው ነው። ወሬው መርካቶ ውስጥ በየአቅጣጫው ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ራህማ እባላለሁ። እህል በረንዳ ባቄላና ዝንጅብል በጅምላ እነግዳለሁ። አባቴ ወሎዬ ነበር፤ ጉልምስናውን ያሳለፈው ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ በንግድ ነው። እኔም እዚያው ስለተወለድኩ አፌን የፈታሁት በሱዳን ዐረብኛ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለሁ ወደ አዲስ አበባ ተመለስንና አባቴ ይህችን ሱቅ ከፈተ። የሱዳን ሰው ቁርሱ ፉል ነው፤ ለፉሉ ደግሞ የእኛን ባቄላ ይወዳል። አባቴ ባቄላውን በመተማ በኩል ይልካል፣ ደንበኛው ኦምዱርማን ላይ ተቀብሎ ያከፋፍላል። ሕይወታችን የቆመው በዚህ ነበር።

ደንበኛው ሐጅ ኡስማን ይባላል። አባቴ የሞተ ሳምንት፣ ገና ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ደወለልኝ።

"ያ ቢቲ፣" አለኝ። ልጄ ሆይ ማለት ነው። "አባትሽ ሄደ፣ ሱቁ ግን አልሄደም። እንባሽን ጨርሺና ባቄላውን ላኪ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ "አሚ" እለው ነበር፤ አጎቴ ማለት ነው። ዐረብኛ አንቱታ ስለሌለው አንተ እያልኩት ኖርኩ፤ አሁን ስጽፍም አንቱ ማለት እሱን ከእኔ ማራቅ መስሎ ተሰማኝ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ይስቃል። ሱቅ ከፍቼ ገና ሚዛኑን ሳልጠርግ ይደውላል። ስለ ገበያው ከመጠየቁ በፊት ስለ እናቴ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የራሱን ስኳር በሽታ ያማርራል። "ሻይ ያለ ስኳር ሻይ ነው እንዴ?" እያለ። ስልኩ ላይ ያደረገው ፎቶ የካዕባ ነው። በቪዲዮ እንነጋገር ስለው፣ "ሽማግሌ አይተሽ ምን ልትጠቀሚ?" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ፊቱን የማየት ጉጉት አልነበረኝም። ድምፁ ይበቃኝ ነበር።

ሁለቱ መንግሥታት በድንበሩ የእርሻ መሬት ተኳርፈው መተማ የተዘጋ ጊዜ፣ መኪኖቻችን ከነጭነታቸው መንገድ ላይ ቆመው ሲቀሩ፣ መርካቶ ውስጥ ስንት ነጋዴ ከሱዳን ደንበኛው ጋር ተቆራረጠ። እኛ አልተቆራረጥንም። በየጠዋቱ ይደውላል። "እነሱ ይጣሉ፣" ይላል ስቆ፤ "ባቄላው ግን ምን አጠፋ?"

ከዚያ እነሱ አገር ጦርነቱ ተጀመረ። ካርቱም ሲነድ በቴሌቪዥን አየን። የአሚ ስልክ ጠፋ። ለወራት በየጠዋቱ እደውላለሁ፣ አይሠራም። እናቴ ከሰላቷ በኋላ ስሙን እየጠራች ዱዓ ታደርግለታለች። በመጨረሻ እኔ መደወሉን ተውኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ እያስተናገድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከአሚ ኡስማን የድምፅ መልእክት። ደንበኛውን ትቼ ከፈትኩት።

"ያ ቢቲ፣ ደህና ነን። ቤት ውስጥ ነን። ውጪው ጥሩ አይደለም። መንገድ የተከፈተ ዕለት ዝንጅብሉን ተይውና ባቄላውን አስቀድሚ። ሰፈሩ ርቦታል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።"

ያችኑ ሳቁን ስሰማ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወዲያው ጻፍኩለት፦ "አልሐምዱሊላህ። አሚ፣ በሕይወት አለህ?"

ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ። "አዎ።"

ከዚያ በኋላ ግን በጽሑፍ ብቻ ሆነ። ስደውል አያነሳም። ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ጭስ ጎድቶኛል፣ መናገር ይከብደኛል ብሎ ይጽፋል። ቤቱን ጥሎ ፖርት ሱዳን እንደገባ ነገረኝ። ሰው ከእሳት ወጥቶ እንዴት እንደ ድሮው ያወራል ብዬ አመንኩት። ለጎረቤቶቼ ሁሉ ሐጅ ኡስማን ተርፏል ብዬ አወራሁ።

በዚያው ሰሞን ከሁለቱም አገር የንግድና የኤምባሲ ሰዎች ነጋዴውን ሊያገናኙ ስብሰባ ጠሩ፤ ቦታው መርካቶ ጫፍ ላይ ያለ ሆቴል አዳራሽ ነው። የድሮው መንገድ ስለተበላሸ ባቄላው በሌላ በኩል፣ በጅቡቲና በባሕር ዞሮ የሚገባበትን መላ ለመምከር ነው። ባንኩ በቅጡ አይሠራም፣ የሚታመን ወረቀት የለም። ስለዚህ የእኛ ነጋዴ የሱዳኑን፣ የሱዳኑ የእኛን በአካል ቆሞ "አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ቃል ነው" እንዲል ተፈለገ። ዐረብኛ ስለምችል አስተርጓሚ እንድሆን ተጠየቅሁ። ለሐጅ ኡስማን ጻፍኩለት፤ እመጣለሁ አለ።

የመጣው ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጭነት የሚያወርዱት ልጆች መንገዱን ዘግተውት ስለነበር በጆንያዎቹ መሃል እየተሽሎከሎከ ወደ ሱቄ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ ላይ አሮጌ ኮት የደረበ፣ አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው። ከፊቴ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ያ ቢቲ፣" አለኝ።

ደስታዬ እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። ቃሉ የእሱ ነው። ድምፁ ግን የሻከረ፣ በአሸዋ የታሸ የሚመስል፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ከመናገሩ በፊትም አልሳቀም።

"አሚ?" አልኩት።

ሻርፑን ነካ አደረገ። "ጭሱ ነው። ጽፌልሽ የለ?"

ሃፍረት ተሰማኝ። ከሞት የተረፈን ሰው በድምፁ የምመዝን እኔ ማን ነኝ? እጁን ስሜ አስገባሁት። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀኝ። አባቴ በአንድ ወቅት ከገዳሪፍ ለቀልድ ስለላከለት አንድ እግር ጫማ አነሳ፤ ያንን ከአሚና ከቤተሰቤ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ከባለቤቴ ጋር የተፋታሁ ሰሞን አሚ በስልክ የመከረኝን ሳይቀር ቃል በቃል ነገረኝ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ምሳ አብነት ካለው ቤታችን ወሰድኩት። እናቴ ስታየው ቆማ አለቀሰች፣ ጉንጩን ዳሰሰችው። እንደ ልማዳችን አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ሰውየው ሲቀመጥ ከጎኑ ቦታ ትቶ ነው። ሰፊ ቦታ ነው፣ ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስላል። ሥጋውን ቆርሶ በዚያ በኩል ያስጠጋል፣ ከዚያ ትዝ እንዳለው ሰው ቀና ብሎ ያየናል፣ መልሶ ይበላዋል። እናቴ ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም።

ሻይ መጣ። ስኳሩን ሳብ አድርጎ ጨመረ፣ ደገመ፣ አማሰለና ጠጣ።

እኔና እናቴ ተያየን። ለዓመታት በየጠዋቱ ስኳሩን ሲያማርርልን የኖረ ሰው ነው። ሰውየውን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከተያዘለት ፔንሲዮን አድርሼው ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ራህማ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ።

"አሚ ኡስማን ነዋ እማ። ሁሉን ነገር ያውቃል።"

"ማወቁንስ ያውቃል፣" አለች። "ግን ለማነው የሚቆርስለት?"

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ይህ ሰው አሚ ካልሆነ የአሚን ስልክ እንዴት አገኘው? ከአሚ ጋር ብቻ የተነጋገርነውን እንዴት አወቀ? በጦርነት ጊዜ ቤት እየሰበሩ ስለሚገቡ ሰዎች የሰማሁት ሁሉ በአእምሮዬ መጣ። ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ደብድበው፣ ያለውን ሁሉ አስለፍልፈው ይሆን? የእናቴን ጉንጭ የነካ እጅ፣ የእኔን እጅ የጨበጠ እጅ ምን ሠርቶ ይሆን የመጣው?

ጎረቤቴ ጋሼ ተክሌ ሱቃቸውን ሊዘጉ እየተዘጋጁ ነበር። በሰፈሩ ነባር ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው የጫኑትን ሌላው ሳይጠይቅ ይጭናል።

"እንግዳሽ ደህና ገባ?" አሉኝ።

"ደህና ገባ ጋሼ።"

"ስሚኝ ራህማዬ። እኔ ሱዳንን ትቼ ነበር። አሁን እንደገና የምገባው ባንቺ ነው። ነገ ቆመሽ 'አውቀዋለሁ' ካልሽ እኔም እጭናለሁ፣ እነ ሸምሱም ይጭናሉ። ካላወቅሽው ደግሞ ዝም በይ፤ ማንም አይወቅስሽም።"

"እሺ ጋሼ፣" ብቻ አልኳቸው። ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ልበል? ሻይ ላይ ስኳር ጨመረ ልበል?

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ጎህ ሲቀድ እናቴ ለሰላት ተነሳች። እኔም ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ያንን የድምፅ መልእክት ከፈትኩት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ግን ሁልጊዜ እሱ "ሰላም በይልኝ" ሲል ዕንባዬ ይመጣና አጠፋዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ዝምታ ነው ብዬ ነበር። አሁን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት።

ዝምታ አልነበረም። ዕቃ ተንኳኳ። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ አንድ ሰው ተናገረ።

"ኡስማን፣ ከመስኮቱ ራቅ በል።"

የሻከረ፣ በአሸዋ የታሸ ድምፅ። አሚ ሳቀ፤ "እሺ፣ እሺ" አለ። መልእክቱ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ትላንት ትሪያችን ላይ ተቀምጦ የበላው ሰው ከአሚ ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ጭስ አልጎዳውም፤ ድምፁ ድሮም እንደዚያ ነው። እና አሚ ሲመልስለት ድምፁ ላይ ፍርሃት የለም። እኔ ግን ፈራሁ። ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ ክፉ ሰው መጣብኝ ብዬ የፈራሁትን የሚያስንቅ። ምክንያቱም አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፣ እሱንም ልቤ አውቆታል።

ጠዋት ሱቄ ድረስ መጣ። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው። የሱቁን አንድ በር ዘጋሁና በጆንያዎቹ መሃል ወንበር ሰጠሁት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መልእክቱን ከፈትኩት።

"ያ ቢቲ፣ ደህና ነን..."

ሰውየው ከመቀመጫው ተነሳ። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋና መሃል ላይ ተወው። የወንድ ፊት እንደዚያ ሲፈርስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አሚ ስለ ባቄላው ሲናገር ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የራሱ ድምፅ መጣ፤ ኡስማን፣ ከመስኮቱ ራቅ በል። ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

ውጪ አንድ ጋሪ ገፊ "ቆሻሻ! ቆሻሻ!" እያለ መንገድ ያስለቅቃል። ድምፁ ርቆ ጠፋ።

"ሰምቼው አላውቅም፣" አለኝ በመጨረሻ። "ስልኩ ውስጥ አለ። መክፈት አልቻልኩም።"

"አንተ ማነህ?"

"ያሲን። ወንድሙ ነኝ፤ ታናሹ።"

"ወንድም እንዳለው ነግሮኝ አያውቅም።"

"ለምን ይነግርሻል?" አለ። ቅሬታ አልነበረበትም። "እሱ ሲያወራሽ እኔ ሻይ አፈላለሁ። ከጎኑ ነው የምቀመጠው። ድምፅሽን ሰማዋለሁ፣ አንቺ ስትስቂ እኔም እስቃለሁ። የተፋታሽ ጊዜ እሱ የመከረሽን፣ ይህን ልበላት ወይ እያለ እኔን ይጠይቀኝ ነበር። በየጠዋቱ እዚያ ነበርኩ እኮ።"

"አሚስ?"

ሻርፑን ከአንገቱ ፈታና በእጁ ላይ ጠቀለለው።

"ጥይት አልገደለውም፣" አለ። "እኔ ቀን ከሌት ከመስኮቱ ሳርቀው የስኳር መድኃኒቱ አለቀ። ሰፈሩ ተዘግቷል፣ ሐኪም ቤቱ ተዘግቷል። ይህን የቀዳልሽ በዚያ ሰሞን ነው። ከዚያ መናገር ተወ። መቃብር ቦታ መድረስ አይቻልም ነበር፤ በግቢያችን ውስጥ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ብቻዬን ቀበርኩት።"

አላለቀስኩም። "ታዲያ ለምን..." አልኩት።

"ፖርት ሱዳን ስደርስ ኔትወርክ አገኘሁ። ስልኩን ስከፍተው ያንን መልእክት በራሱ ላከው። እዚያ ውስጥ ሳይላክ ታስሮ መቅረቱንም አላውቅም ነበር። ከዚያ አንቺ ጻፍሽ። በሕይወት አለህ? አልሽ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ሞቷል ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። በዚህ ዓለም ላይ ኡስማን በሕይወት ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። እንዴት ብዬ እዚያም ልግደለው? አዎ አልኩሽ። ከዚያች ቃል መውጣት አቃተኝ።"

"ነገሩ ይህ ከሆነ እዚህ ለምን መጣህ?"

"ባቄላውን አስቀድሚ ብሎሻል። ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት በአንድ ድስት ነው የሚበሉት፤ እየተሰባሰቡ ያበስላሉ። ያሲን የሚባል ሰው መርካቶ ውስጥ ማንም አያውቅም። ኡስማንን ግን ያውቁታል።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሱም አለቀሰ። በጆንያ መሃል ተቀምጠን፣ ያወቅኩት ለመሰለኝ፣ ግን በቅጡ ላላወቅኩት ሰው አለቀስን።

ቆይቶ፣ "ልሂድ። ስብሰባው ላይ አልገባም" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንድ አፍታ ሌላ ነገርም አስቤያለሁ። ዝም ብልስ? ኡስማን ሆኖ ቢገባስ? ባቄላው ይጫናል፣ ድስቱ ይሞላል፣ ማን ይጎዳል? ግን የጋሼ ተክሌ ፊት መጣብኝ። ከዚያ ይልቅ ደግሞ የሎሚው ዛፍ። ያንን ሰው ሞቷል ሳንለው፣ ለቅሶ ሳንቀመጥለት፣ ስሙን ይዘን ልንነግድበት ነው።

"አብረን እንገባለን፣" አልኩት። "በራስህ ስም ትናገራለህ። እኔ እተረጉማለሁ።"

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት ባለሥልጣናቱ፣ ባንዲራዎቹ፣ የውኃ ጠርሙሶቹ። ከኋላ የመርካቶ ነጋዴ ወንበሩን ወደ ጎን አዙሮ ተቀምጧል። ንግግሮች ተደረጉ። እኔ ወዲያና ወዲህ እተረጉማለሁ፤ ወደብ፣ ቀረጥ፣ ትብብር። ቃሉ በአፌ ያልፋል እንጂ አልሰማውም። ከዚያ የስብሰባው መሪ፣ "ከኦምዱርማን የመጡት ሐጅ ኡስማን" ብሎ ጠራ።

ያሲን ተነሳ። ማይክሮፎኑን ሲይዝ ሻርፑን አልጠቀለለም ነበር።

አስተርጓሚ ሆናችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሰውየው "እኔ" ሲል እናንተም "እኔ" ነው የምትሉት። እሱ በዐረብኛ አለ፤ እኔ በአማርኛ አልኩ።

"እኔ ኡስማን አይደለሁም። ኡስማን ሞቷል። እኔ ወንድሙ ያሲን ነኝ። ስሙን ይዤ የመጣሁት የእኔን ስም ስለማታውቁት ነው። በመዋሸቴ አፉ በሉኝ።"

"ኡስማን ሞቷል" የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መርዶውን ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ የተረዳሁትም እኔ ነኝ። የሱዳን ወገን የተቀመጡ አንድ ባለሥልጣን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ቀስ ብለው "ኢና ሊላሂ" ሲሉ ተሰማኝ። ከኋላ አንድ ሰው ግን፣ "ታዲያ በስሙ የዋሸ ሰው በሌላው ነገርስ እንዴት ይታመናል?" አለ። እሱንም ተረጎምኩለት። ያሲን ራሱን ዝቅ አደረገ።

ጋሼ ተክሌ እጃቸውን አወጡ።

"የት ተቀበሩ?" አሉ።

"በግቢያችን ውስጥ።"

"ቀባሪ ነበር?"

"እኔ ብቻ።"

ጋሼ ተክሌ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ያለው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው፤ ወንበሩ ሲንቋቋ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ባለሥልጣናቱም ተነሱ።

ይህን ስትሰሙ ነገሩ በመልካም ተቋጨ ብላችሁ እንዳታስቡ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ጋሼ ተክሌ አመሻሹ ላይ እቤታችን ለቅሶ መጡ፤ ሲወጡ በር ላይ፣ "ራህማዬ፣ ሰውየውን አምኜዋለሁ፤ ግን አልጭንም። ልቤ እምቢ አለኝ" አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እነ ሸምሱም አልጫኑም። እናቴ ያሲንን አጠገቧ አስቀምጣ ሳትጠይቀው ስኳር ጨመረችለት። እዚያው እኛ ቤት ሦስቱን የለቅሶ ቀን ተቀመጠ፤ ለወንድሙ የተቀመጠው የመጀመሪያ ለቅሶ ያ ነበር።

እኔ ብቻዬን የቻልኩትን ያህል ጫንኩ። ብዙ አይደለም። በባሕር ዞሮ፣ ከመርከብ ወርዶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ብዙ እጅ ነክቶት ከጆንያው ከፊሉ ኦምዱርማን ገባ። ያሲን ራሱ ተመልሶ ሰፈሩ ድረስ ወሰደው። አትመለስ ብዬው ነበር። "እሱ እዚያ ብቻውን ነው" አለኝ።

ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውልልኛል፤ ብዙ ጊዜ አያገኝም። መንገዱ አሁንም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ንግዱም እንደ ድሮው አልሆነም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ዛሬ ከጅቡቲም ይደወል ከሐርጌሳ፣ ከማንም ጋር ስነጋገር፣ ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት "አጠገብህ ማን አለ?" እላለሁ። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ለምደውኛል። ሚስት፣ ወንድም፣ ተሸካሚ፣ ሻይ አፍይ፣ ማንም ይሁን ስሙን እጠይቃለሁ፣ ሰላም እለዋለሁ። እናንተም የሩቅ ሰው ካላችሁ ጠይቁ። በየጠዋቱ ድምፃችሁን እየሰማ አብሯችሁ የሚስቅ፣ እናንተ ግን የማታውቁት ሰው ሊኖር ይችላል።

አስተርጓሚነቱም አልቀረልኝም። ባለፈው ሰሞን የሁለቱ አገር ሰዎች ደግመው ተሰበሰቡ፣ ደግመው ጠሩኝ። ንግግር የሚያደርጉት ሁሉ አንድ የሚወዷት ሐረግ አለቻቸው፤ "ሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች" ይላሉ። በሁለቱም ቋንቋ ቀላል ናት፣ ተማሪ ይተረጉማታል። እኔ ግን እዚያች ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። የተዘጋ ቤት ይታየኛል፤ አንዱ ስልክ ይዞ እየሳቀ ያወራል፣ ሌላው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ሻይ ያፈላል። ተናጋሪው ዞር ብሎ ያየኛል፣ አዳራሹ ይጠብቀኛል። ውኃ ጎንጨት እልና እተረጉማታለሁ።